ካውያው እስኪግል

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሐረር እንደምታውቂያት ናት።

እሁድ ስንደዋወል «አባዬ፣ ትምህርቱን ልተወው መሰለኝ፤ ጊዜ የለኝም» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ሳወጣ ሳወርድ ነው ያመሸሁት። ከባንክ መሽቶ መውጣት፣ ታክሲ መሰለፍ፣ እራት መሥራት፣ ከዚያ ደብተር መክፈት ከባድ ነው። ሰነፍ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ በስልክ ስለማይሆንልኝ ልጻፈው።

ኮት መቁረጥ እንዴት እንደተማርኩ ታውቂያለሽ? መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የማውቀው ሱሪና ዩኒፎርም ብቻ ነበር። ኮት የሚሰፉት ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ሲቆርጡ አጠገባቸው ሰው እንዲቆም አይወዱም። አንድ ደንበኛዬ ያረጀ የእንግሊዝኛ የልብስ ቅድ መጽሐፍ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ቀን ሥራ፣ ማታ እናንተ። መቼ ይነበብ?

ያን ጊዜ ካውያዬ የከሰል ነበር። ጠዋት ከሰሉን አቀጣጥዬ እሞላውና እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። መጽሐፉን በዚያች ሩብ ሰዓት ገለጥኩት። በቀን አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ያሉትን መስመሮች በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ። ካውያው ላይ ውሃ ጠብ ሳደርግ ቺስ ካለ መጽሐፉን እዘጋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጠዋት ያነበብኩት ማታ ይጠፋኝ ነበር። በተለይ እጅጌው። እጅጌ ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፤ ትርፉ ሳይጨማደድ ተሰብስቦ መግባት አለበት። ስንቴ አነበብኩት! አልያዝ አለኝ። በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ከጭንቅላቴ መሳል ጀመርኩ። ከዚያ ገልጬ ስህተቴን አርማለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሳላይ እደግመዋለሁ። ያኔ ያዘ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኸርማን ኢቢንግሃውስ ስለሚባል ጀርመናዊ አነበብኩ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን ኖሮ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይጠፋል፤ በቀናት ተከፋፍሎ ሲደገም ግን ይቆያል ይላል። እጅጌዬ ትዝ አለኝ።

እንደዚያ እያልኩ በሁለት ዓመት ኮት ሰፊ ሆንኩ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ካውያ ገዛሁ። ሰክቶ ወዲያው መተኮስ ነው። ጊዜ ተረፈኝ አይደል? መጽሐፉን ግን ለወራት አልከፈትኩትም። ያቺ ሩብ ሰዓት የት እንደገባች እንጃ። መብራት ጠፍቶ የከሰሏን ካውያ ያወጣሁ ቀን ነው እጄ ራሱ መጽሐፉን የፈለገው። ያነበብኩት ጊዜ ስለነበረኝ አልነበረም ለካ፤ ካውያው ስለሚያስቀምጠኝ ነበር።

አሁን ማታ ሱቅ ስዘጋ መጽሐፌን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ ነው የምሄደው። ጠዋት ሥራ ለመጀመር እሱን ማንሳት ግድ ነው። ካነሳሁት አንድ ገጽ አነባለሁ።

አያትሽም እንዲሁ ናት። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ሸዋ በር አትክልት ትሸጥ ነበር። ማታ ፊደል ቆጥራ ትመጣና፣ ቀን ዱቤ የወሰደባትን ሰው ስም በካርቶን ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ የስሙን አንድ ፊደል፣ ቀስ በቀስ ሙሉውን። ዱቤው ሳይዘለል ፊደሉም አይዘለልም። በጣት መፈረም የተወችው እንደዚያ ነው።

አንቺ ጋ ካውያው ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ምናልባት ጠዋት የባንኩ መስኮት ሳይከፈት ያለችው ጊዜ፣ ምናልባት የታክሲ ሰልፉ። አንዷን ብቻ ምረጪ። አንድ ጥያቄ ሥሪባት፣ ወይም ትናንት ያየሽውን ሳትገልጪ ለራስሽ ንገሪ። ማታውን ተይው፤ እንቅልፍሽን ቆርጠሽ የምታነቢው አይቆይም። አንድ ቀን ካመለጠሽ ደግሞ በማግስቱ ሁለት ቀን ልክፈል አትበይ። እኔ እንደዚያ ሞክሬ፣ ሦስት ገጽ ዕዳ ሲሆንብኝ መጽሐፉን ማየት ጠልቼ ነበር። አሁን የያዝሻቸውን ሁለት ኮርሶች ወደ አንድ መቀነስ ከተፈቀደልሽም አድርጊው። ይዘገያል፤ ይዘግይ።

እናትሽ ሁለት ኪሎ ቡና ልካልሻለች። ቡናው ውስጥ የተጠቀለለው ሰማያዊ ከረጢት ከእኔ ነው፤ ከኮት ጨርቅ ትርፍ ሰፋሁት። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይይዛል፣ ማሰሪያው አንገት ላይ ይገባል፤ ታክሲ ስትጠብቂ እጅሽ ነፃ ይሆናል። የደብተርሽን ልክ በግምት ነው ያወጣሁት። ከጠበበ በሜትር ለክተሽ ደውዪልኝ፤ ሌላ እሰፋለሁ።

አባትሽ