ለሮሚ፦ የእማዬ ደብተር ነገር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 2018

ሮሚዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? አውቃለሁ፣ ጠፍቻለሁ። ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንዳጠፋሁት እግዜር ይወቀው። የዚያን ሰሞን ነገር አላነሳውም፣ አንቺም አታንሺብኝ። ይቅርታ ብያለሁ፣ አለቀ። ስንገናኝ እንደ ልማድሽ በክርንሽ ጎሸም አድርጊኝና ይለፍ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የጻፍኩት ናፍቀሽኝ ብቻ አይደለም። ጉዳይ አለኝ። ቆይ፣ አትዝጊው። ብር አይደለም።

ጉዳዩ እማዬ ናት። አልታመመችም። ማለቴ፣ ትታመም አትታመም አላውቅም፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ለመስቀል 2017 የደም ግፊት መለኪያ በሰው ልኬላት ነበር። ያ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን፣ ዲጂታሉን። ጠዋትና ማታ ትለካለች፣ በሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች፣ እሑድ እሑድ የጎረቤት ልጅ ገጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። በየመስመሩ ሦስት ቁጥር አለ፦ የላይኛው፣ የታችኛውና የልብ ምት። የእጅ ጽሑፏን ታውቂዋለሽ፤ አንዷና ሰባቷ መንታ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ የየቀኑን እያየሁ ነበር የምኖረው። 134 ሲሆን ጎሽ፣ 151 ሲሆን ወይኔ። የአንድ ቀን ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዳገት ወጥታ ከሆነ ይጨምራል፣ ቡና ጠጥታ ከሆነ ይጨምራል፣ ከእትዬ ዘውዴ ጋር እያወራች ከተለካችማ ተይው። ስለዚህ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ገልብጬ በግራፍ ልየው አልኩ።

ኤክሴልና እማዬ አልተግባቡም። ቀኑን የምትጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። 2017 ስል የፈረንጅ 2017 መስሎት፣ መለኪያው ከመገዛቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ እማዬን ያስለካታል። እዚህ አገር ወሩ ይቀድማልና ጥቅምት 30ን 2/30/2017 ብዬ ስጽፍ ደግሞ፣ ቀን ነው ብዬ አልቀበልም አለኝ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር 30 የለውማ! ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም፣ 13ኛ ወር ምን አባቱ ያውቃል።

ኋላ ሲገባኝ ግን የኛው ይቀላል። ወሮቻችን እኩል 30 ናቸው። ከወሩ ቁጥር አንድ ትቀንሺና በ30 ታበዢዋለሽ፣ ቀኑን ትደምሪበታለሽ፣ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይወጣልሻል። መስከረም 1፣ 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነው፤ ከዚያ መቁጠር ነው። ጥቅምት 30 ስልሳኛ ቀን ሆና ኖቬምበር 9 ላይ ዘጭ አለች። ጮህኩ። ባሌ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ፍልሰታን ሱባኤ ገብታ ስለነበር አልተለካችም። ግራፉ ግን ባዶ አይወድም፤ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀጥ ያለ መስመር ስቦ አገናኘው። ያልተለካ ነገር ተለክቶ ቁጭ! ቀኖቹን ባዶ አድርጌ አስገባሁና ክፍተቱ እንደ ክፍተት ቀረ። ቋሚውንም መስመር ከ60 እስከ 180 ብዬ ቆለፍኩት፣ አለዚያ የአራት ነጥብ ልዩነትን ተራራ ያስመስለዋል። የ7 ቀን አማካይም ጨመርኩበት። ይኼን ሁሉ የምነግርሽ እንድታደንቂኝ ነው፣ አንቺ የሒሳብ ሰው።

ከዚያ ግራፉን አየሁት።

እስከ ፋሲካ ድረስ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እንደሚወጣው መንገድ ይጠማዘዛል። 147፣ 139፣ 158፣ 142። ከፋሲካ በኋላ ግን ለጥ አለ። 130፣ 130፣ 120፣ 130። የታችኛው 80፣ 80፣ 80።

ደስ አለኝ። ክኒኑ ሠራ አልኩ። ወዲያው ግን ያንቺ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ክብ ቁጥር ስታዪ "ደረሰኙን አምጡ" የምትዪው ነገር። እውነትሽን ነው። በጆሮው እያዳመጠ የሚለካ ሰው ወደ ዜሮ ሊያጠጋ ይችላል፤ ዲጂታል ማሽን ግን ምን አስጨነቀው? ከአሥሩ አንዱ ገደማ በዜሮ ቢያልቅ ነው። የእማዬ ሁሉም በዜሮ ያልቃል።

ሦስተኛውን ደግሞ ሣልኩት፣ የልብ ምቱን። 73፣ 81፣ 68፣ 77። እንደ ድሮው ይዘላል።

ገባሽ አይደል? እየለካች ነው። ምቷን የወጣውን ትጽፋለች፣ ስለ እሱ ማንም ተቆጥቷት አያውቅማ። ግፊቱን ብቻ አሳምራ ታስገባለች። ሮሚዬ፣ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። በኋላ ደግሞ አለቀስኩ፣ እሱን ተይው።

ለምን እንደሆነ የምጠረጥረውን ልንገርሽ። ለፋሲካ ስንደዋወል "እንዲህ ካስቸገረሽ ወረቀትሽን አስጨርሼ ወደዚህ አመጣሻለሁ" ብያት ነበር። ዝም አለች። የእማዬን ዝምታ ደግሞ አብረን ነው ያደግንበት። ሸማኔዎቹን ትታ፣ ኪዳነ ምሕረትን ትታ፣ እትዬ ዘውዴን ትታ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ በረዶ ልታይ? እኔ እሷን ብሆን 110 ብዬ ነበር የምጽፈው።

ግን ደብተሩን ለኔ ብቻ አይደለም የምታሳየው። ቀጠሮ ስትሄድ ይዛው ትገባለች፣ ሐኪሙም ክኒኑን የሚጨምረውና የሚቀንሰው እሱን እያየ ነው። ቤት ውስጥ ሲለካ 135 በ85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። 130 ሲያይ "በዚሁ ቀጥይ" ነው የሚላት። እውነቱ 150 ቢሆንስ? ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለው፣ ምልክት የለው፣ ውስጥ ውስጡን ነው የሚሠራው። እንዳልጠይቃት ደግሞ፣ በስልክ "እማዬ፣ ትዋሺኛለሽ ወይ?" ይባላል እንዴ?

እና... እንዴት ልበልሽ። ቀጠሮዋ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሂጂልኝ። ከሰሚት ሽሮ ሜዳ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ይኼን ያህል ጠፍቼ ይኼን መጠየቄም ያሳፍራል፣ ግን ከአንቺ ሌላ ማንን ልላክ? ሌላ ሰው ብልክ ትጠረጥራለች። አንቺን ስታይ ግን ምጣዱን ነው የምትጥደው።

መለኪያው ሜሞሪ አለው። የሜሞሪውን ቁልፍ በተጫንሽ ቁጥር የድሮዎቹን ወደ ኋላ እየመለሰ ያሳይሻል። ፎቶ አንሺልኝ። አንድ ጣጣ ብቻ አለ፦ እማዬ ሰፈሩን ሁሉ ነው የምትለካው። ቡና ሲፈላ እትዬ ዘውዴ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ የሱቁም ልጅ ይመጣል። 182 ብታዪ አትደንግጪ፣ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል። የጠዋቶቹን ብቻ ውሰጂ፣ ያኔ ብቻዋን ናት። ሰዓቱ በፈረንጅ ነው የተሞላው፤ 7 ሲል የኛ 1 ሰዓት መሆኑ ነው።

ከቻልሽ ራስሽ ለኪያት። ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ይለፋት። አምስት ደቂቃ ጀርባዋን ተደግፋ ትቀመጥ፣ እግሯን አታነባብር፣ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል ይሁን። አንድ ደቂቃ አሳርፈሽ ድገሚው። ሲለካ ማውራት አይቻልም። ይኼ ለሷም ከባድ ነው፣ ላንቺም።

ካወቀችብሽ ደግሞ የአሜሪካው ነገር ቀርቷል በያት። እኔ ራሴ ልነግራት እያልኩ፣ ስልኩን ሳነሳ ስለ ድፎ ዳቦ አውርቼ እዘጋዋለሁ። አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል። ወይስ አይሻልም? አንቺ እዚያው አይተሽ ወስኚ።

የታክሲውን እልክልሻለሁ፣ እምቢ ካልሽ ለራሷ ነው የምነግርብሽ። ምሳ ሳትበዪ እንደማትለቅሽ ታውቂያለሽ። ሽሮው ላይ ስንት ጨው እንደምታደርግ እግረ መንገድሽን ቅመሺና ጻፊልኝ። እውነተኛውን!

ያንቺዋ ጠፊ፣
ሰብሊ