እንቁላሎቹን አደራ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ስንቴ ልጽፍልሽ ብዬ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። ክርስትናውም ላይ ሳልመጣ ቀረሁ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ጉዳይ ስላለኝ ነው፤ አልደብቅሽም።

የእማማን ገብስማ ዶሮዎች እንቁላል እፈልጋለሁ። ለመብል አይደለም፤ ለማስፈልፈል ነው።

እቁቤ ወጣልኝና የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛሁበት። ቢሾፍቱ ላይ የሚያውቅብኝ ሰው የለም፤ ላንቺ ነው የምነግርሽ። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ እጄ የገባ ደህና ገንዘብ እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ሙቀቱን አያለሁ። 37.5 ላይ ካለ ተመልሼ እተኛለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ግን እንቅልፍ የለም። የአየር ቀዳዳዎቹን ትቼ ማሽኑን በብርድ ልብስ እሸፍንና አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

ደስታውን ግን እንዴት ብዬ ልንገርሽ! በሰባተኛው ቀን ክፍሉን አጨልሜ እንቁላሉን ከስልኬ ባትሪ ላይ አስጠጋዋለሁ። ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። መሃላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትወዛወዛለች። ዓይኑ ናት። ገና ምንም ሳይሆን ዓይን አለው! አንቺ ብታይው ታለቅሺ ነበር፤ አውቅሻለሁ፣ በሰው ሰርግ የምታለቅሽ።

አንዳንዱ ግን ጥርት ብሎ ባዶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጀምሮ የቆመ ነው። ከገበያ የተገዛ እንቁላል መቼ እንደተጣለ፣ የት እንደዋለ ማን ያውቃል? ከ20 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ያለ ቦታ ሲከርም ጽንሱ ግማሽ መንገድ ማደግ ይጀምርና ይሞታል። ያንን ማሽኑ አያድነውም። ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለው አያያዝ ነው ዋናው። ለዚህ ነው ያንቺን እጅ የፈለግሁት።

ደብረ ብርሃንን ስታሚ «ፍሪጅ ውስጥ ነው የምንኖረው» ትይ አልነበር? እንግዲህ ብርዳችሁ ለኔ ሆነ። ለፍልፍል የሚቀመጥ እንቁላል የሚፈልገው ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ፀሐይ የማይገባበት የጓዳችሁ ጥግ በቂ ነው። እውነተኛው ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳታስገቢው፣ ያ በጣም ይበርደዋል። እማማ ጤፍ ውስጥ ቀብረው የሚያስቀምጡትን እንዳትነኪባቸው። ጤፉ ሙቀቱ ቶሎ ቶሎ እንዳይቀያየር ይይዘዋል። ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን በያቸው፤ አየሩ ያለው በዚያ በኩል ነው።

በየቀኑ ልቀሚው። ቅርፊቱ ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፊበት። አትጠቢው፣ እባክሽ! ንጽህና እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ቅርፊቱን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን በውሃ ይለቃል፣ ከዚያ ጀርም ይገባል። በጣም የቆሸሸውንና የተሰነጠቀውን ለቤት ተጠቀሙበት። ከ7 ቀን በላይ የቆየም አይላክልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቀን በጨመረ ቁጥር የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስትልኪ በካርቶኑ ላይ ደርድረሽ ለሾፌሩ «ሞተር አጠገብ እንዳታስቀምጠው» በይልኝ። እኔ ጋ ሲደርስ አንድ ቀን ሙሉ አሳርፈዋለሁ። የቀዘቀዘ እንቁላል በቀጥታ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ላቡ ደግሞ ጀርሙን ይዞ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ከዚያ እስከ 18ኛው ቀን ማገላበጥ ነው። ከ18 በኋላ አላገላብጥም፣ እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ ከፍ አደርጋለሁ፣ ክዳኑንም አልከፍትም። ጫጩቱ ቅርፊቱን ነካ አድርጎ ይሰብርና ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝም ይላል። እጄ ሊረዳው ይቋምጣል። ግን አይነካም፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። በዚያ ስንቅ ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ይቆያል።

ለምን ገብስማዎቹ ትይኝ ይሆናል። የእማማ ዶሮዎች ያንን ብርድ ችለው፣ ጭልፊት ሸሽተው፣ ያገኙትን ለቅመው ያደጉ ናቸው። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ያበዛል እንጂ እንደነሱ ጓሮ ለጓሮ ራሱን አይችልም። የሐበሻዋ ችግር ማቀፏ ነው። ካቀፈች መጣል ታቆማለች፣ ከዚያ ደግሞ ጫጩት ታሳድጋለች፣ ዓመቱ በዚያ ያልቃል። እኔ እንቁላሉን ብወስድላት እሷ መጣሏን ትቀጥላለች።

ዋጋውን... እንዴት ብዬ እንደምለው ጨንቆኛል። እማማ «ከልጄ ጓደኛ ገንዘብ አልቀበልም» እንደሚሉ አውቃለሁ። አንቺ ግን ተቀበይኝ። ገበያ ላይ ከሚሸጥበት ጨምሬ በቴሌብር እልክልሻለሁ። አትቀየሚኝ፤ በነፃ ካደረግሽው ሁለተኛ ለመጠየቅ አፍራለሁ። እኔ ደግሞ ደጋግሜ ልጠይቅሽ ነው የማስበው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ግቢውን ሙሉ ሲያሯሩጥሽ የነበረው አውራ ዶሮ አለ? እሱ ከሌለ እንቁላሉ ሁሉ ባዶ ነው። ፋሲካ ደርሷል፣ እናንተ ደግሞ ወጡን አትለቁም። እባክሽ እንቁላሉ ተለቅሞ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይታረድ። ምናልባት ታርዶም ከሆነ ዛሬውኑ ደውይልኝ፤ ዶሮዎቹ ከእሱ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል ዘር ያለው እንቁላል ይጥላሉ፣ እደርስበታለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው