ለሰሜን ሸዋ የጋራ የመድረክ አልባሳት ክፍል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የካቲት ሲገባ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ሥራ ይበዛባቸዋል። ትምህርት ቤቱም፣ የወጣቶች የኪነት ቡድኑም ለየካቲት 23 የአድዋ ድራማ ያዘጋጃል። ድርሰት አለ፤ ተዋናይ ሞልቷል። የሚጠፋው ልብስ ነው። መጨረሻ ላይ ከሰርግ ዕቃ አከራይ ቤት ካባ ይመጣና ዳግማዊ ምኒልክ በሙሽራ ካባ ይዘምታሉ! የቀረው ልብስ ከጎረቤት በልመና ይሰበሰባል። ሲመለስ አንገቱ ላይ የሜካፕ ቅባት ይዞ ነው። እንዲህ ያየ ቤት ለሚቀጥለው ዓመት አያውስም፤ አይፈረድበትም።

እኔ የመድረክ አልባሳት ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለትያትር ስሰፋ፣ ስተኩስ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተዋናይ ሳለብስ ኖሬ አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼና ከሙያ ጓደኞቼ ጋር አንድ የጋራ ክፍል ለማቋቋም ተነስተናል። ክፍሉ አልባሳት አከማችቶ ለዞኑ ትምህርት ቤቶችና የትያትር ቡድኖች ያውሳል። እዚያው ሙያው ይሰጣል። አንድ ዕድር መጋዘኑን ፈቅዶልናል፤ የጎደለው ውስጡ ነው።

«ልብስ ስፌት ማንም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ነጭ ጨርቅን እንውሰድ። የእኛ አገር ሰው ነጭ ይለብሳል፦ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ እጀ ጠባብ። የመድረክ መብራት ሲያርፍበት ግን ነጭ ያንጸባርቃል። ተመልካቹ የተዋናዩን ፊት ትቶ ጋቢውን ያያል። መላው ያለው ኩሽና ውስጥ ነው። ቀጠን ያለ ሻይ ይፈላል፣ ይበርዳል፣ ጨርቁ ነከር ተደርጎ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ ከደረቁ ስለሚጠቁር መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ተሞክሮ ይደርቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ መድረቁ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። መድረክ ላይ ሲወጣ ነጭ ነው፤ ዓይን ግን አይወጋም።

አዲስ ልብስን ማስረጀትም ሙያ ነው። ክርኑና ጉልበቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ልብስ ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነዋ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተለውጦ ለሚወጣ ተዋናይ ደግሞ ቁልፉ ለዓይን ብቻ ይሰፋል፤ ከሥሩ ያለው ቬልክሮ ነው። ውድ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በአቡጀዲ ተሰፍቶ ይለካል። ስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ የዘንድሮው ቀጭን ንጉሥ በሚመጣው ዓመት በወፍራም ሊተካ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለባበሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለቅሶ ላይ ሌላ ነው። በሰርግ ትዕይንት እንደ ሐዘንተኛ ያጣፋች ተዋናይት ብትወጣ የእኛ አገር ተመልካች ወዲያው ይስቃል። ጌታው ፊት የሚቆም አሽከር ካላደገደገ የድርሰቱ ክብር ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እናቶቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ልጆቹን የሚያሳዩ እናቶችና አባቶች እንፈልጋለን። ቡናው በእኛ ነው።

የመንዝን በርኖስ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በመንዝ በግ ፀጉር ሴቶች የሚፈትሉት፣ ወንዶች የሚሸምኑት ያ ጥቁር ካባ፣ ትከሻው ላይ ሾጠጥ የምትል ጫፍ ያለችው፣ ዛሬ በብዙ ቤት ያለው የአያት ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያም ብል ይበላዋል። መስጠት የሚከብደው ቤተሰብ ለአንድ ቀን ያውሰን። ወረቀት ላይ ዘርግተን ቅርጹን እንነድፋለን፣ ስፌቱን እናያለን፣ ፎቶ አንስተን በዕለቱ እንመልሳለን። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሞላሌ የሽመና ባለሙያ ቢገኝማ ምንኛ ደስ ባለን!

የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተጉለት ተወላጅ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ ደግሞ አውሬዎች ነበሩ። «አንበሳን ምን እናልብሰው?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። ተማሪዎቼ አሁን ቃጫ አበጥረውና ቀልመው የአርበኛ ጎፈር፣ ያንን የአንበሳ ጋማ የራስ ጌጥ፣ ይሠራሉ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ላለ ተመልካች እውነተኛ ነው። የፊተኛው ረድፍ ይታገሠን።

ትያትር ብቻውን እንጀራ እንደማያበላ አውቃለሁ። የሚማሩት ልጆች ዩኒፎርምም፣ የሀበሻ ቀሚስም ሰፍተው እንዲያድሩ ነው የምናስተምረው። ለዚህ አራት የስፌት መኪና ያስፈልገናል፤ ሁለቱ ቢያንስ በእግር የሚሠሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ካውያ፣ ትልቅ መስታወት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያም ይጎድለናል። አናጺ የሆነ ሰው የሁለት ቀን ጉልበቱን ቢሰጠን ከብር አናሳንሰውም።

ገንዘብ የምትረዱ፣ ለእኔም ሆነ ለማንም ግለሰብ በእጅ አትስጡ። በኮሚቴው ስም በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ አለ፤ ቁጥሩ ከዕድሩ ጸሐፊ ይገኛል። የገባውና የወጣው በየወሩ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፋል።

ልብስ የምትሰጡ ደግሞ፣ የሰርግ ካባ በቃን። የምንፈልገው የዱሮ እጀ ጠባብ፣ ጃኖ፣ ለምድ፣ ደበሎ፣ የገጠር ቀሚስ፣ መቀነት ነው። የ1960ዎቹን ተማሪ ለማልበስ የአባቶቻችሁ ቤልቦተም ሱሪም ቢመጣ በደስታ እንቀበላለን። የተቀደደም ይሁን፤ እንጠግነዋለን። ደህና ሳልባጅም አንጠላም። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ከመጣ ሌላውንም ያሻግተዋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣ ሰው እጅ ልታደርሱን ትችላላችሁ። ከልብሱ ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አያይዙ፦ የማን እንደነበረ፣ የት እንደተሸመነ፣ ለምን ቀን ይለበስ እንደነበር ጻፉልን።