ከቀለሙ ሥር ስላለው ማን ይናገር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ባለቀለም ቆርቆሮ አመራረጥ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ሲሠራ ሁሉም ስለ ሳሎኑና ስለ ሴራሚኩ ነው የሚያወራው፤ ጣሪያን የሚያስታውሰው የለም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ቀለሙ ስለሆነ ቀለሙ ወፈር ያለውን ምረጡ ይላል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ቀዩ ያምራል ወይስ አረንጓዴው ነው። ዚንክ የሚለው ቃል ከዳር እስከ ዳር አንዴ እንኳ አልተነሳም።

እኔ ቆርቆሮ መምታት ሥራዬ ነው። 19 ዓመት ጣሪያ ላይ ውያለሁ። ይሄ ስህተት ትንሽ ነገር አይደለም።

እስቲ አብረን እናስበው። ቆርቆሮ በልክ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ቀለም አይኖርም። ብሎን ሲገባበትም ቀዳዳው ዙሪያ ቀለም የለም። ዝገትን የሚከለክለው ቀለሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሁሉም ቤት ጣሪያ በመጀመሪያው ዝናብ ከጠርዙ መበስበስ ይጀምር ነበር። የጥሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ግን ዓመታት ይቆያል። ምክንያቱም ብረቱ ገና ቀለም ሳይነካው በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ ይወጣል። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ተበልቶ ያልቃል። ብረቱ በጭረት ወይም በጠርዝ በኩል ትንሽ ቢጋለጥ፣ አጠገቡ ያለው ዚንክ በእሱ ፈንታ ያልቃል። የቀለሙ ሥራ ዚንኩን ከዝናብና ከፀሐይ መጋረድ ነው። ዚንኩ ስስ ከሆነ ያ ሁሉ ቀለም ምንም አያድንም።

በቁጥር ልንገራችሁ። በደህና ቆርቆሮ ላይ የፊቱ ቀለም ከፕራይመሩ፣ ማለትም ከሥር ከሚቀባው ቀለም፣ ጋር 25 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዚንኩ ግን እንደ ቆርቆሮው ይለያያል። ዜድ 275 የሚባለው በካሬ ሜትር፣ ሁለቱ ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ አለው፤ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን ገደማ ማለት ነው። ዜድ 100 ከሆነ በአንድ ፊት 7 ማይክሮን ብቻ ነው። 55 በመቶው አልሙኒየም የሆነ፣ ከዚንክ ጋር የተቀላቀለ ልባስም አለ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቀለም ሊመጡ ይችላሉ። ጎን ለጎን ቢደረደሩ እኔም በዓይኔ አልለያቸውም። ስለዚህ መጠየቅ ግድ ነው።

ለምን እንዲህ እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ቤታቸውን የከደንኩላቸው እናት ደወሉ። ከተመታ ገና አራት ዓመቱ ነው። «ልጄ፣ አንተ ነህ የመታኸው፤ ምን አድርገህብኝ ነው?» አሉኝ። ሄጄ ወጣሁ። አሸንዳው አጠገብ ያለው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ፊኛ አብጧል። በጥፍሬ ስጭረው እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሳ። ከሥሩ ቀይ ዱቄት ነው። ጓሮ የተረፈ ቁራጭ ነበር፤ ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ አንዲት ፊደል የለም። ውፍረቱም፣ የዚንኩ መጠንም፣ የምርት ቁጥሩም አልተጻፈም። እኚህ እናት ቆርቆሮውን የገዙት ቀለሙን አይተው ነው፤ ልክ እናንተ እንደመከራችሁት። ሰፈሩ ውስጥ ግን ቆርቆሮ አበላሽ የተባልኩት እኔ ነኝ።

የጌጁም፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩ፣ ነገር እንደዚሁ ነው። 28 ጌጅ ግዙ ብሎ ማለፍ አይበቃም። በርሚንግሃም በሚባለው መለኪያ 28 ጌጅ 0.36 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካው የጋልቫናይዝድ ሠንጠረዥ ደግሞ 0.47 ገደማ ይደርሳል። በሚሊሜትር ጠይቁ። ዚንኩና ቀለሙ ሳይደመር የብረቱ ብቻ ስንት ነው በሉ። ማይክሮሜትር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዞ ሄዶ መለካት ነውር የለውም፤ የሚቆጣ ሻጭ ካለ እሱ ጋ አትግዙ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ፎቶው ነው። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አዲስ ባለቀለም ቆርቆሮ በግራይንደር ይቆርጣል። ፍንጣሪው እስከ ጉልበቱ ይዘንባል። ከሥሩ «ባለሙያ በሥራ ላይ» ተብሎ ተጽፏል። ትኩሱ የብረት ፍንጣሪ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና እርጥበት ሲነካው ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ ጠርዙን ሊያድን የተቀመጠውን ዚንክ ያቃጥለዋል። በቆርቆሮ መቀስ ነው የሚቆረጠው። እኔም ስጀምር ግራይንደር አነሳ ነበር፤ አለቃዬ ከእጄ ቀምተው መቀሱን እስኪሰጡኝ ድረስ።

መጨረሻ ላይ ጣሪያ የሚያፈሰው በገጣሚዎች ጥፋት ነው ብላችኋል። ከእኛ መሃል የሚያጠፋ የለም አልልም። የብሎኑን ጎማ እስኪጨፈለቅ የሚያጠብቅ አለ። የብረት ብናኙን ሳይጠርግ የሚወርድም አለ። ግን አንዳችንን እንኳ አላናገራችሁም። ሻጭ ጠየቃችሁ፣ ቤት ገዢ ጠየቃችሁ። ጣሪያው ላይ የሚወጣውን ሰው ሳትጠይቁ ፈረዳችሁበት። ይሄ ፍትሕ አይደለም።

ስለ ዚንኩ ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ያ ዘገባ በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን። ቤታቸውን ሊከድኑ የተዘጋጁ ሰዎች አንብበውታል። ፎቶውን ግን ማስተካከያው እስኪጻፍ አታቆዩት። ዛሬውኑ አንሱት።

ከአንድ ቆርቆሮ መቺ