እማዬ፣ ምን ይጠይቋችኋል ላልሽኝ

ዊኒፔግ፣ ካናዳ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የብርዱን ነገር ተይው።

ባለፈው በስልክ «ዝም ብሎ የሚሰጥ መንግሥት የለም፤ ኋላ ምን ሊጠይቋችሁ ነው?» ብለሽኝ ካርዱ አለቀ። ስንመጣ የካናዳ መንግሥት ለኪራይና ለቀለብ ሰጠን፤ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው። የአውሮፕላኑ ቲኬት ግን ብድር ነው። ወለድ የለውም፣ በየወሩ እንከፍላለን። ስለዚህ ግማሹን ገምተሽዋል።

ነፃው ትምህርቱ ነው። «ሊንክ» ይባላል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በፈረንጅ ከ1992 ጀምሮ ለአዲስ መጪ እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት። ለመግባት ግን ወራት ጠበቅኩ። ለእኔ ወንበር ነበር፣ ለልጁ መዋያ ጠፋ። በደወልኩ ቁጥር «ተራሽን ጠብቂ» ነው። አልቅሻለሁ፣ አልነገርኩሽም እንጂ።

አሁን ልጁ ከግድግዳው ማዶ ይውላል። ሲያለቅስ ድምፁን እለየዋለሁ፤ እስክሪብቶዬ ቀጥ ይላል። አስተማሪዋ ታውቅብኛለች፣ ምንም አትለኝም። ሰሞኑን ለሐኪም ቤት ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ተማርን። ጀርባ ለጀርባ አስቀምጣን፣ አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ስልክ ተቀባይ። የደረሱኝ ሶሪያዊ አዛውንት ለእሁድ ቀጠሩኝ። እሁድ ዝግ ነው ብላቸው ወይ ፍንክች! የሠራነውን ሁሉ ባይንደር በሚሉት ትልቅ የወረቀት ማኅደር ውስጥ እናስገባለን፤ ደረጃችን የሚታየው በሱ ነው። በመስማትና በመናገር አራተኛ ደረጃ ከደረስኩ፣ ለዜግነት የሚጠየቀው ቋንቋ ይበቃኛል። ዜግነቱን ከወሰድኩ ደግሞ ሊንክ አያስተምረኝም። የገረመኝ ሕግ ነው።

ባይንደሩን በአንድ እጅ፣ ልጁን በሌላው ይዤ ለአውቶብስ ስሮጥ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ። በ1971 ዘመቻው ሲጀመር፣ ወንድሜን አዝለሽ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ስትሄጂ። እኔ ገና አልተወለድኩም፣ ግን ስንቴ አወራሽልኝ! ያም ነፃ ነበር። ፊደል ያስቆጠረሽ መንግሥት ኋላ አጎቴን ለጦር ወሰደው። ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እዚህ እስካሁን የጠየቁኝ የቲኬቱን ዕዳና ከትምህርቱ እንዳልቀር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀትሽ ከሳጥኑ ይውጣና የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ክፍል ውስጥ ስለ አንድ የቤተሰባችሁ ሰው በእንግሊዝኛ ተናገሩ ተብለናል። ተራዬ ሐሙስ ነው።

ልጅሽ