ዋርካውን ከመቁረጣችሁ በፊት ቅሬውን ጠይቁ

ግልጽ ደብዳቤ፦ በወሎ ምድር የደንና የአካባቢ ጥበቃ ሥራ በአደራ ለተሰጣችሁ የመንግሥት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ከማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በአባቴ በኩል አያቴ ሸኽ ነበሩ፤ በእናቴ በኩል ያሉት ደግሞ እስኪያርፉ ድረስ በቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ መሪጌታ። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የማነሣው ጉዳይ የሁለቱንም ቤት ስለሚነካ ነው ቀድሜ የነገርኳችሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወደ ቀበሌያችን የሚገባው የጠጠር መንገድ ይስፋ ተባለና ዶዘር መጣ። መንገዱን ለምነን ያገኘነው ነው፤ ወላድ በቃሬዛ ተሸክመን የምናወርድ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ በመንገዱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ከመንገዱ ጠርዝ ላይ አንድ ዋርካ ነበረ። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። በግንቦት ልደታ ክርስቲያኖቹ ከሥሩ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ዝናብ ሲዘገይ ሙስሊሞቹ ለወዳጃ፣ ማለትም ለጋራ ዱዓ፣ ይቀመጡበታል፤ በሁለቱም ቀን ሁለቱም ወገን አይቀርም። ቅሬያችን (ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር) የሚሰበሰበው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ለቅሶ የመጣ እንግዳ አረፍ የሚለው እዚያው ነው።

የሞተር መጋዝ የያዙት ልጆች ሲደርሱ የቅሬያችን ዳኛ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። «ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አሏቸው። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳዩአቸው። ሽማግሌው ፊደል አይቆጥሩም፤ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ገልብጠው አይተው፣ መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሆኜ አይቻለሁ። የዋርካ ደሙ ነጭ ነው። መጋዙ በገባበት ሁሉ ወተት የመሰለ ፈሳሽ በግንዱ ላይ ወረደ፣ መሬቱንም አጨቀየው። ዛፉ ሲወድቅ የተነሡት ዋኔዎች እስኪመሽ ድረስ ባዶውን አየር ሲዞሩት ዋሉ። ከሁሉ ያልረሳሁት ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፦ እንጨቱን ማንም ወደ ቤቱ አልወሰደም። ኩበት እየለቀመች የምትኖር ባልቴት እንኳ አንድ ጭራሮ አላነሣችም። ሁለት ወር ያህል እዚያው ወድቆ ሰነበተና ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ በአይሱዙ ጭኖ ወሰደው።

በዚያው ክረምት ችግኝ ተከላ ተጠራን። ሄድን፣ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን። ጥቅምት ላይ ተማሪዎቼን ይዤ ክፍላችን የተከላቸውን 60 ችግኞች ስንቆጥር በሕይወት ያገኘነው 7 ነው። የቀረውን ፍየል በልቶታል፤ ከላስቲኩ ሳይወጣ የተቀበረም ነበረ።

የአረንጓዴ ዐሻራ ጠላት አይደለሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፣ ጉድጓድም ቆፍሬያለሁ። የሚያስጨንቀኝ መቁጠራችን ነው። የተተከለውን እንቆጥራለን፤ ዛፍን ዛፍ አድርጎ ያቆየውን በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ነገር ግን አንቆጥርም። እሱን ካላወቅነው ደግሞ ሳናየው እንቆርጠዋለን።

ወሎ ይህን በገዛ አካሏ ተምራዋለች። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ መሐል፣ ከዚያም በኋላ፣ በምግብ ለሥራ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ተራራ ተከልሎ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ለበሰ። ሥራው ከንቱ ነበር አልልም፤ ዛሬም የሚያገለግል እርከን አለ። ዳሩ ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ያንን ደን በብዙ ቦታ ያወረደው ሕዝቡ ራሱ ነው። አባቴ አልደበቀኝም፤ እሱም በሌሊት ተሸክሞ አምጥቷል። «የመንግሥት ነው ተብለን ነበር፤ መንግሥት ሲሄድ ባለቤት የለውም አልን» ብሎኛል። በዚያው ሰሞን ግን ጥበቃ ያልቆመለት፣ ጠመንጃ ያልዞረበት የቤተ ክርስቲያን ጥድና የሸኽ መቃብር ወይራ ከአንድ ቅርንጫፍ በቀር አልተነካም። ያው ሰው፣ ያው መጥረቢያ፣ ያው ሌሊት። አንዱን የቆረጠ እጅ ሌላውን ለምን ፈራ? ከ20 ዓመት በላይ ሳስተምር የከረምኩት ባዮሎጂ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠኝም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሊን ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ምድርን ለዚህ ጉዳት የዳረጋት የምዕራቡ ክርስትና ሰውን ከፍጥረት ሁሉ በላይ ገዥ አድርጎ ማስቀመጡ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ችግሩ ከእምነት ስለመነጨ መድኃኒቱም ከእምነት መምጣት አለበት ሲል አክሏል። በኋለኛው አሳቡ እስማማለሁ። በመጀመሪያው ላይ ግን ወሎ መጥቶ ቢያይ ኖሮ እላለሁ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ «ግዙአት» የሚል ቃል አለ፤ ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ ሰው በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል። የእኛ አባቶች ይዘው የኖሩት ሁለተኛውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ልብሷ ዛፏ ነው፣ ዛፍ የሌላት ራቁቷን ናት ይላሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት ስፍራ፣ ዛሬም ከዛፎቹ ጥላ ሥር ገብቶ ከውጭው ሙቀት ሲያርፍ ይህን ያልተረዳ ሰው አላየሁም። በሙስሊሙ ቤትም እንዲሁ ነው። ሙስሊም የተከለውን ወፍ ቢበላለት፣ ሰው ቢበላለት፣ እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ይጻፍለታል። ቂያማ፣ የዓለም ፍጻሜ፣ እየቆመ ችግኝ በእጁ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው ተብሏል። አያቴ ይህችን ሐዲስ ሲነግሩን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ፍሬውን ሊበላ የማይችል ሰው ለምን ይተክላል ብዬ ስጠይቃቸው «መትከሉ ነው ኢባዳው» አሉኝ፤ አምልኮው ማለታቸው ነው።

አድባር የሚለውን ቃል ሳነሣ የሚከፋቸው እንዳሉ አውቃለሁ። ቅቤ የሚቀባ፣ ጨሌ የሚታሰርበት ዛፍ ይቆረጥ የሚሉ ከቀሳውስቱም ከሸኾቹም ወገን አሉ፤ አንዱ ባዕድ አምልኮ ይለዋል፣ ሌላው ሽርክ። በዚህ ምክንያት የወደቁ ዛፎችን አውቃለሁ። በእምነቱ ክርክር ግቡልን አልላችሁም፣ የእናንተ ሥራም አይደለም። አያቴ ራሳቸው ዛፍ ቅቤ ሲቀባ ካዩ ይቆጡ ነበር። መጥረቢያ ግን አላነሡም። «ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ ዛፉ ምን አደረገ?» ይሉ ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ከቅጽሩ አንድ እርምጃ ወጣ ስትሉ ተራራው ራቁቱን ነው። ወይራ ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ሰው እሑድ ወይም ጁምዓ ሲደርስ የሚሳለመው ወይራ የከበበውን ደጅ ነው። ክብራችን አጥር አለው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ፍጥረት እንደ ባዳ እናየዋለን። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከራቁት ተራራ በሐምሌ ጎርፍ የወረደው አፈር እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ አንደነግጥም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፣ በእናንተ አላላክከውም። ከእናንተ የምፈልገው አጥሩን እንድናሰፋ እንድታግዙን ነው።

እንዴት ትሉ ይሆናል። ሕጉ በእጃችሁ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሥራ ላይ ሲውልም የሚመለከተው ሕዝብ አሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት ይላል። በእኛ ቀበሌ «የሚመለከተው ሕዝብ» ማለት ቅሬው ነው፤ ከእሱ የቀረ ቤት የለም። ማንኛውም መንገድ፣ ቦይ ወይም ግንባታ የአምልኮ ቦታን፣ የመቃብርን፣ የቅሬ መሰብሰቢያን ዛፍ የሚነካ ከሆነ መጋዙ ከመድረሱ በፊት ቅሬው ተሰብስቦ ይጠየቅ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። እኛ መንገድ አንጠላም። ዋርካው ሳይወድቅ ያ መንገድ በሌላው በኩል፣ በአንድ አርሶ አደር የገብስ ማሳ ጠርዝ፣ ሊያልፍ ይችል ነበር። የማሳው ባለቤት በቅሬው ፊት ቢጠየቅ እንደማይከለክል በኋላ ራሱ ነግሮናል። ማንም አልጠየቀውም።

ሌላው፣ የቀድሞው የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ግን የማኅበረሰብ ደንን ለይቶ አውቆታል። እንግዲያው ከቤተ ክርስቲያኑና ከመስጊዱ አጥር ወዲያ ያለውን ራቁት ተዳፋት ለቅሬው በማኅበረሰብ ደንነት ስጡት፣ ማስረጃውም በእጁ ይግባ፤ ሣሩን አጭዶ ይካፈል። ለችግኝ ጣቢያዎቻችሁም ዘሩን ከእነዚህ አሮጌ ዛፎች ልቀሙላቸው። የሐበሻ ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ዘሩን የምናገኝበት ቦታ ከደጀ ሰላምና ከመቃብር በቀር እምብዛም አልቀረልንም። ቆጠራውንም በሐምሌ ሳይሆን ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ፣ አለቃውና ሸኹ ባሉበት አድርጉት። የልደታ ጥድ፣ የሸኹ ወይራ ተብሎ የተተከለን ችግኝ ፍየል ሲበላው ዝም ብሎ የሚያይ ሰው በእኛ ቀበሌ አታገኙም፤ ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ዋርካ እንደ ጥድ አይደለም። በየካቲት ጉቶው ማቆጥቆጥ ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ስቆጥር ዘጠኝ ቀንበጥ ሆኗል፣ ትልቁ ጉልበቴ ይደርሳል። እነዚያ እንጨቱን አንነካም ያሉት እናቶች የቀጋ እሾህ አምጥተው ዙሪያውን አጥረውታል፤ ግንቦት ልደታም ንፍሮው እዚያው፣ ጥላ በሌለበት ፀሐይ ላይ ተቀቀለ። አሁን ደግሞ ከመስከረም በኋላ የመንገዱ የውኃ መውረጃ ቦይ እንደሚቆፈር ሰምተናል፣ ምልክቱም ተቀብቷል። ቀዩ ቀለም ያረፈው እሾሁ አጥር ላይ ነው። ቦይውን አራት እርምጃ ወደ ገብሱ ማሳ እንዲያስጠጉት እዘዙልን። የማሳው ባለቤት ፈቅዷል፤ ቅሬው የፈረመበትን ቃለ ጉባኤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የገጠር መምህር
ከሐይቅ አካባቢ፣ ደቡብ ወሎ