ቤት አዳሾች ሆይ፣ እስቲ አንድ ቀን ተገናኙ

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

በግንባታ ፎርማንነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የምጽፈው በየክረምቱ ስለሚታደሱት የአቅመ ደካሞች ቤቶች ነው።

ምስጋናው ይቅደም። የእኛ መደዳ በአዋጅ 47/1967 ተወርሶ ለቀበሌ የተሰጠ ነው። ያኔ ለቀበሌ የደረሱት ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ኪራይ የሚገኝ ገንዘብ ቆርቆሮ አያስለውጥም። በጎ አድራጊዎች ባይደርሱልን ኖሮ ግማሾቻችን ላስቲክ ሥር ነበርን።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ድርጅት የአንዲት እናትን ቤት አፍርሶ ሠራላቸው። ወለሉ ሊሾ፣ ጣራው አዲስ ቆርቆሮ፤ እጃቸው ይባረክ። አሸንዳ ግን አልገጠሙለትም። የጣራው ውኃ በሙሉ የጎረቤትየው የጭቃ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። መስከረም ሳይጠባ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ወጣ። ይህንኑ ግድግዳ ሌላ ድርጅት ሰኔ ላይ ቀለም ቀብቶት ነበር! ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ግድግዳ ተገናኝተው አልተዋወቁም። መደዳው በሙሉ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ደግሞ እንደሞላ አለ። እሱ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት አይመችም መሰለኝ።

ወቅቱም ይታሰብበት። ጭቃ በሐምሌ አይደርቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ተያይዞ ይወርዳል፤ ይህን የማያውቅ ጭቃ ሠራተኛ የለም። ከጥምቀት በኋላ በፀሐዩ ቢሠራ ምን አለበት?

ተባብሮ መሥራት ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ይመሩት የነበረው ፕሮጀክት ተክለሃይማኖት አካባቢ ቤቱንም፣ መጸዳጃውንም፣ የእግር መንገዱንም፣ ጤናውንም አንድ ላይ ነበር የያዘው። ነዋሪውም ይመክርበት ነበር።

«ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት መፍረሱ አይቀርም፣ ለምን እንደክማለን?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። እንግዲያው ወረዳው ጊዜውን ይንገረን። ሁለት ዓመት ከሆነ ጣራና ሽንት ቤት ይበቃናል። ከዚያ ካለፈ ግድግዳም እንሠራለን።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ድርጅቶች ኅብረት እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። እኔ እንኳን ያን ያህል አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ቁጭ ብለው መደዳውን ይከፋፈሉት፦ አንዱ ጣራና አሸንዳ፣ አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ ሽንት ቤት። የትኛው ቤት ሰው አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ የእድሩ መዝገብ ያውቃል። አዳራሽ መከራየትም አያስፈልግም። ድንኳንና ወንበር አለን፤ ሻዩም በእኛ።

የእድር ጸሐፊ
ከልደታ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ